የሲፒዮ ድንጋይ

ቅዳሜ ጠዋት የመቃብር ጠባቂው ዊልበር ሲደውል መርማሪ ዌንደል ቲግ ቁርሱን ገና አልጀመረም ነበር።

"ዌንደል፣ ቶሎ ድረስ። ድንጋዩ የለም።"

"የትኛው ድንጋይ?"

"እንዴት የትኛው ትለኛለህ? ነገ መለከት ሊነፋለት የነበረው ነዋ!"

ዌንደል ሲደርስ ዊልበር ባርኔጣውን አውልቆ፣ ለቅሶ የመጣ ሰው መስሎ ቆሟል። የቫርነር ፎርድ መቃብር በዝቅተኛ የድንጋይ አጥር ለሁለት የተከፈለ ነው። ከአጥሩ ወዲህ፣ በእብነ በረድ ሥር፣ ጌቶቹ ተኝተዋል። ከአጥሩ ወዲያ፣ በሣርና በእሾህ መሃል፣ ባሮቻቸው። "ሞት ሁሉን እኩል ያደርጋል" የሚል ሰባኪ ይህን አጥር አላየም ማለት ነው። በወዲያኛው በኩል ፊደል የተቀረጸበት ድንጋይ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የሲፒዮ ነው። አሁን በቦታው የተነቀለ ጥርስ ቦታ የመሰለ ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል።

"ሌላስ ምን ነክተዋል?"

"ያው እንደምታየው።"

የማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ በጥቁር ቀለም ጸያፍ ስድብ ተረጭቶበታል። መንገዱ ላይ የቢራ ጠርሙስ ተከስክሷል። በወታደሮቹ መቃብር ራስጌ ተተክለው የነበሩት ትንንሽ ባንዲራዎች ሁሉም ተነቅለው፣ በየእንጨታቸው ተጠቅልለው አጥሩ አናት ላይ ተደርድረዋል። በሩ አጠገብ ያለው ለስላሳ አፈር ላይ የጭነት መኪና ጎማ ታትሟል። ዌንደል የጎማውን ምልክት ፎቶ አነሳ። ስብርባሪውን ለቀመ። ባንዲራዎቹንም በላስቲክ ከረጢት ከቶ መኪናው ውስጥ አስቀመጣቸው።

"የሰከሩ ጎረምሶች ናቸው" አለ ዊልበር። "ትናንት ማታ ከተማው በሙሉ ኳስ ሜዳ ነበር። እኔም ነበርኩ። ተሸንፈን ደግሞ!"

"የሰከረ ጎረምሳ ድንጋይ ይገፋል፣ ይሰብራል። አቅፎ አይሄድም።"

የፖሊስ አዛዡ ግሬዲ ሎውሪ ከኋላቸው እያለከለከ መጣ። ወፍራም ነው፤ ችግር ሲያይ ደግሞ ይበልጥ ይወፍራል።

"ነገ ከንቲባው ይመጣል" አለ። "ጋዜጠኞች ይመጣሉ። የእናትህ ማኅበር በሙሉ ነጭ ለብሶ ይመጣል። ከዚያ በፊት ድንጋዩን አምጣልኝ፤ ድንጋዩ ከጠፋም ሰውዬውን።"

ማኅበሩ የአርበኞች ዘር ማኅበር ይባላል፤ የከተማችን ቅርንጫፍ የተሰየመው በካፒቴን ኢኖክ ቫርነር ነው። አባል ለመሆን ደግነት አይጠየቅም፤ እውቀትም አይጠየቅም። የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ከእንግሊዝ ንጉሥ ጋር በተደረገው የነፃነት ጦርነት በገዛ እጁ ጠመንጃ ያነሳ አባት መቁጠር። ሴቶቹ ለተማሪ ቤት ባንዲራ ያድላሉ፣ ለዘማች ወታደር ስንቅ ይቋጥራሉ፣ የድሮ መቃብር ያጥባሉ። ይህ ደግ ሥራ ነው። የቀረውን ጊዜ ግን አያት ሲቆጥሩ ይውላሉ። ሌላው ሰው በሠራው ጀግንነት ደረቱን የሚነፋ ሰው በየአገሩ አለ፤ የእኛዎቹ ግን ለዚህ ሊቀመንበር መርጠዋል፣ ሪባን አሰፍተዋል። የኢኖክን የካፒቴንነት ማዕረግ ራሱ የሰጡት፣ ከሞተ ከረጅም ጊዜ በኋላ፣ የልጅ ልጆቹ ናቸው።

ሊቀመንበሯ ሉሲንዳ ቫርነር ቲግ፣ የመርማሪው እናት ነበረች።

*

ሉሲንዳ ወጥ ቤት ቆማ ለነገው ድግስ ዳቦ ላይ አይብ ትቀባለች። ነጭ ፀጉሯ አንዲት ዘለላ እንኳ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

"ጫማህን ጥረግ" አለችው፣ ሳትዞር።

"እማዬ፣ የሲፒዮን ድንጋይ ወስደውታል።"

ቢላዋው ቆመ። ከዚያ ቀስ ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ምን ያለ አረመኔ ነው?"

"እሱን ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። የነገውን በዓል የሚጠላ ማን አለ?"

"ሰው በሐሜት አላስይዝም።" መሐረቧን አወጣች። "ሮስኮ ፔቲፎርድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ያለውን ግን አንተም ሰምተሃል።"

ሰምቷል። ያልሰማ የለም። ማኅበሩ ነገ በበዓሉ ላይ የሚተከል የነሐስ ሰሌዳ ለሲፒዮ አስቀርጾለት ነበር፤ "ሲፒዮ፣ ከጌታው ከካፒቴን ኢኖክ ቫርነር ጋር የዘመተ ታማኝ አገልጋይ" ይላል። የሲፒዮ ዘር የሆኑት ፔቲፎርዶች ግን ከልጅ ልጅ ሲያወርዱት የኖሩት ሌላ ነው። እንደነሱ አባባል ሲፒዮ ከኢኖክ ጋር አልዘመተም፤ ለብቻው ነው የሄደው፤ ኢኖክ ከቤቱ አልወጣም። የሚዳኛቸው ድንጋዩ ነበር። ድንጋዩ ደግሞ አርጅቶ፣ "ሲፒዮ" እና "ኢኖክ ቫርነር" እና "የዘመተ" ከሚሉት ቃላት በቀር፣ መሃሉን የድንጋይ ሽበት ለብሶታል። ማኅበሩ ክፍተቱን በገዛ ምላሱ "ጋር" ብሎ ሞላው። ያኔ ነው ግንበኛው ሮስኮ "ይህን ሳህን ከምትለጥፉበት ድንጋዩን ወንዝ ብጥለው ይሻላል!" ብሎ የጮኸው።

"ተናዶ ነው የተናገረው" አለ ዌንደል።

"የተናደደ ሰው ነው የሚሰርቀው" አለች እናቱ፤ እንደገና ቢላዋዋን አነሳች። "አንድ ዳቦ ብላ። ከስተሃል።"

*

በመንገዱ ላይ ደዋይት ኬስለር ጋ ጎራ አለ። ኬስለር ከመቃብሩ ጎን ያለውን እርሻ ገዝቶ ነዳጅ ማደያ ሊያቆምበት ሲል፣ "የታሪክ ቦታ ነው" ተብሎ ፈቃድ የተከለከለ ሰው ነው።

"እኔ?" አለ ኬስለር፣ ትራክተር ሥር እንደተኛ። "ትናንት ማታ ኳሱን በድምፅ ማጉያ ያስተላለፈው ማን ነበር?"

"አንተ።"

"ሰምተሃላ?"

"አራት ጊዜ የተጫዋች ስም ስትሳሳት ሰማሁ።"

"እንግዲያው ሂድና ከዚያ የተሻለ ሌባ ፈልግ። ደግሞ እኔ ብሰርቅ የማን ነው የምሰርቀው? የእናትህን አያት እብነ በረድ ነው እንጂ! ቦታውን ታሪክ ያደረገው እሱ አይደል?"

ቀልዱ እውነት ነበረበት። ዌንደል ሳቀ፤ ያን ቀን ለመጨረሻ ጊዜ።

*

የጎማው ምልክት የሮስኮ ጭነት መኪና ሆኖ ተገኘ። ሮስኮ አልካደም። ጣቢያው ውስጥ፣ የሲሚንቶ አቧራ የነጣበትን እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ።

"ሐሙስ ዕለት ሄጃለሁ" አለ። "እናትህ ናት ደውላ የጠራችኝ። 'ለሰሌዳው መሠረት ይቆፈራል፤ ቦታውን እይና ሥራውን ያዝልን' አለችኝ።"

"አንተ ሰሌዳውን ጠልተህ መሠረቱን ልትሠራ?"

"እኔ ካልቆፈርኩት የአያቴን አጥንት ሌላ ሰው በአካፋ ይመታዋል። ገባህ?"

"ትናንት ማታስ?"

"ቤት ነበርኩ።"

"ከማን ጋር?"

"ከጉልበቴ ሕመም ጋር። አክስቴ ኳስ ሜዳ ነበረች። ምን አድርግ ነው የምትለኝ? ጉልበቴን ጠርተህ ጠይቀው!"

"ድንጋዩን ወንዝ እጥለዋለሁ አላልክም?"

"ብያለሁ። አንተም ባለፈው ዓመት ግሬዲን ገድዬ እታሰራለሁ ብለሃል። ይኸው ቆሟል፣ ከነሆዱ።"

ግሬዲ አልሳቀም። ስልኩን አንስቶ ሁሉም እንዲሰማ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"ሚስ ሉሲንዳ፣ ይቅርታ ላስቸግርዎ። ሐሙስ ዕለት ሮስኮን ወደ መቃብሩ ጠርተውት ነበር?"

ስልኩ ውስጥ የሳህን ድምፅ ተሰማ።

"አይ፣ ግሬዲ። አላስታውስም። እንዲያ ያለ ነገር ያዘዝኩ አይመስለኝም።"

ሮስኮ ወደ ዌንደል ቀና አለ። ያልተናደደ ዓይን ነበር፤ ይልቁንም የሚጠብቅ። ሁለቱ በልጅነታቸው ከአንድ ወንዝ ዓሣ ሲያጠምዱ አድገዋል። ዌንደል እናቱ ልደት፣ የሙት ዓመት፣ የቀጠሮ ሰዓት ረስታ እንደማታውቅ ያውቃል፤ የስልሳ ሰው አያት በቃሏ የምትቆጥር ሴት ናት። ቢሆንም ተነስቶ ሰንሰለቱን የሮስኮ እጅ ላይ አጠለቀው።

"እናትህ ስለሆነች ነው" አለ ሮስኮ፣ በዝግታ።

"ምስክር ስለሆነች ነው።"

"እሺ፣ መርማሪ።"

*

የሮስኮ አክስት ሚስ ኦዴሳ ፔቲፎርድ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ስኳር ድንች ትልጣለች። በደህናው ዘመኗ የተማሪ ቤት አውቶቡስ ትነዳ ነበር፤ የከተማው ጎልማሳ ሁሉ፣ ነጩም ጥቁሩም፣ "ተቀመጥ!" በሚል ድምፅዋ ያደገ ነው። ዌንደል የሮስኮን ክፍል ሊፈትሽ እንደመጣ ነገራት።

"ግባ። አልጋውን ስታነሳ ወገብህን ጠብቅ" አለችው።

ምንም አላገኘም። ሲወጣ አጠገቧ ያለውን ወንበር በቢላዋዋ አመለከተችው። ተቀመጠ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ልጄ። ሰው የራሱን ምስክር ይሰርቃል?"

"እንዴት ማለት?"

"ያ ድንጋይ የማን ምስክር ነው? የኛ። በዓሉ ካለፈ በኋላ ሽበቱ ታጥቦ፣ በሸንጎ ፊት ይነበባል ተባብለን አልነበር? እናትህ ራሷ አልተስማማችም? እኔ ይህን ቀን እድሜዬን ሙሉ ነው የጠበቅኩት። አያቴ ስትሞት ጆሮዬ ላይ ያስቀመጠችው ቃል አንድ ነው፤ 'ፈንታ'። በኢኖክ ቫርነር ፈንታ። ጌታው የዘመቻ ዕጣ ወጣበት፤ ፈራ፤ ባሪያውን በፈንታው ላከው። ሲፒዮ ተዋጋ፣ ቆስሎ ተመለሰ፣ ባሪያ ሆኖ ሞተ። ይህን እኛ ስናወራ ከተማው ፈገግ ይልልናል። ድንጋይ ሲያወራ ግን ፈገግ አይባልም።"

"ሮስኮ ግን ተናግሯል፣ ሚስ ኦዴሳ..."

"የተናገረ ሁሉ ቢታሰር አንተ በኔ አውቶቡስ ውስጥ ለተናገርከው ስንት ዓመት ይፈረድብህ ነበር?" ድንቹን ሳህኑ ላይ ጣለችው። "ስማኝ። ድንጋዩ ካልተገኘ ቃሉ ከኔ ጋር ይቀበራል። ሮስኮም የአያቱን መቃብር የዘረፈ ሌባ ሆኖ ይቀራል። በአንድ ቀን ሁለቱንም ልትወስድብኝ ነው? አንተ ነህ እጁን ያሰርከው አሉ።"

"እኔ ነኝ።"

"በማን ቃል?"

ዌንደል ጫማውን ተመለከተ። ሚስ ኦዴሳም ሌላ ድንች አነሳች።

*

እሁድ ማኅበሩ ድንጋዩ ባይኖርም በዓሉ እንዲከበር ወሰነ። ሰሌዳው በባዶው ጉድጓድ ራስጌ ይቆማል፤ ሊቀመንበሯም ስለ ይቅር ባይነት ንግግር ታደርጋለች። ሌባው ባዶ ጉድጓድ ትቶ ቢሄድም "ጋር" የሚለው ቃል ከነሐስ ላይ አልወረደም። ዌንደል ወደ መቃብሩ እየነዳ ይህን አሰበ። ከዚህ ስርቆት የተጠቀመ ማን ነው? ኬስለር አይደለም። ሮስኮማ ከሁሉም በላይ ከስሯል።

መቃብሩ ሲደርስ ዊልበር ወንበር ይደረድራል።

"ባንዲራዎቼን አመጣህልኝ? ሴቶቹ ሳይመጡ ልትከላቸው።"

"መኪናው ውስጥ ናቸው።"

"መቼም ፖሊስ ስትባሉ ትገርማላችሁ" አለ ዊልበር። "ያን ሁሉ ባንዲራ ለቅማችሁ፣ ጠቅልላችሁ፣ አጥር ላይ አሰልፋችሁ..."

ዌንደል ቆመ። "እኛ?"

"አዎ፣ እናንተ።"

"እኔ ስመጣ አጥሩ ላይ ነበሩ፣ ዊልበር። አንተ ያነሳሃቸው መስሎኝ።"

"እኔ? እኔ በዚህ ወገቤ ላጎነብስ? ላንተ ደውዬ ስመለስ ሳያቸው እንደዚያ ነበሩ። እስከዚያ ከናንተ ሰው መጥቶ ሄዷል ብዬ ነበር።"

ዌንደል ወደ መኪናው ሄዶ ከረጢቱን ከፈተው። አንዱን አወጣ። ባንዲራው በእንጨቱ ላይ ጥብቅ ብሎ ተጠምጥሟል፤ ኮከቡ ወደ ውጭ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተሰክቷል። ሁለተኛውን አወጣ። እንደዚያው ነው። ሦስተኛውንም ማየት አላስፈለገውም።

ያኔ ልጅ ነበር፤ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። በዚሁ መቃብር፣ በበዓል ማግስት፣ ባንዲራ እየነቀለ መሬት ላይ ሲጥል እናቱ ጥፊ አቅምሳዋለች። በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመታችው። "ባንዲራ መሬት አይነካም! ኮከቡ ወደ ውጭ! ጫፉን አጥፈህ ስካው! የማኅበሩ ደንብ ነው!" በዚህ አገር ባንዲራ መሬት እንዳይነካ የማያውቅ የለም። መቃብር ሊዘርፍ መጥቶ፣ ጠርሙስ ሰብሮ፣ ስድብ ጽፎ፣ ከዚያ ደግሞ ተንበርክኮ እያንዳንዷን ባንዲራ ኮከቧን ወደ ውጭ አድርጎ የሚጠቀልል ግን፣ በመላው አውራጃ አንድ ማኅበር ብቻ ነው።

ዙሪያውን ተመለከተ። ስድቡ የተረጨው የማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ነው፤ አንድ እብነ በረድ አልተነካም። ጠርሙሱ የተሰበረው መቃብር የሌለበት መንገድ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ትናንት ዓይኑ ሥር ነበር። ዓይን የልቡን ነው የሚያየው፤ የሱ ልብ ደግሞ ማየት አልፈለገም።

"ምን ሆንክ?" አለ ዊልበር። "ፊትህ ጠቆረ።"

"እናቴን አይተሃታል?"

"ካፒቴኑ ቤት ናት። ንግግሯን ታጠናለች።"

*

የኢኖክ ቫርነር ቤት ከመቃብሩ ማዶ ነው። ማኅበሩ አድሶ ለጎብኚ ክፍት አድርጎታል። ሉሲንዳ በነጭ ቀሚሷ ላይ ሪባኗን አንጠልጥላ፣ ከኢኖክ ሥዕል ፊት ቆማ ነበር። ከጓሮው በር አጠገብ፣ የተጋደሙ የመቃብር ድንጋዮችን ለማቅናት ማኅበሩ የሚጠቀምባት ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ቆማለች። ጎማዋ ላይ ደረቅ ጭቃ አለ።

"ሪባኑ ተጣሟል?" አለችው።

"የት አደረግሽው፣ እማዬ?"

"ምኑን?"

እሱ ግን መልስ ሳይጠብቅ ወደ መኝታ ቤቱ አለፈ። የኢኖክ አልጋ በቀይ ገመድ ተከልሏል፤ "እንዳይነኩ" የሚል ጽሑፍ ተንጠልጥሎበታል። ገመዱን ተሻገረ። ተንበርክኮ መጋረጃውን ገለጠ።

ድንጋዩ በታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ተኝቷል። አንድ ጭረት የለበትም። የድንጋይ ሽበቱ ታጥቦ ለቋል። ዌንደል የኪስ መብራቱን ከጎን በኩል አበራ፤ ጥላ በየፊደሉ ቦይ ገባ፤ ሰው የካደው ቃል ተነበበ።

ሲፒዮ። በኢኖክ ቫርነር ፈንታ የዘመተ።

እናቱ በሩ ላይ ቆማለች።

"ሐሙስ ዕለት ላጥበው ሄድኩ" አለች። "ለበዓሉ ንጹሕ እንዲሆን ብዬ። በውሃና በለስላሳ ብሩሽ፣ እንደ ደንቡ። ከዚያ ፀሐይዋን በመስታወት መለስኩበትና አየሁት።"

"ሮስኮን ጠርተሽዋል።"

"ከመታጠቡ በፊት ነው። እሱ ከሄደ በኋላ ነው ያየሁት።"

"ጠርተሽዋል! 'አላስታውስም' አልሽ!"

"ሮስኮ ሰረቀ አላልኩም። አልወጣኝም።"

"ዝም ብለሽ አሰርሽው። እኔ ደግሞ እጁን አሰርኩልሽ።"

ሉሲንዳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ማንም እንዳይነካ የተከለከለው አልጋ ነው፤ በዕድሜዋ ተቀምጣበት አታውቅም።

"ልሰብረው አሰብኩ" አለች። "መዶሻ ይዤ ነበር። አልቻልኩም። የጥንት ድንጋይ ነው፣ ዌንደል። ወንዝ ልጥለውም አልቻልኩም።"

"ድንጋዩ አሳዘነሽ። ሰውየው ግን አላሳዘነሽም።"

"ምን ላድርግ? አያቴ ማኅበሩን የመሠረተችው በሱ ስም ነው። እናቴ በሱ ስም ኖራ ሞተች። እኔስ? ከዚህ ሌላ ምን አለኝ? እነዚያ ሴቶች ነገ በምን ዓይን ያዩኛል?" ድምፅዋ ተሰበረ። "አንተም እኮ የሱ ልጅ ነህ። በስሙ ስንት ጊዜ ኮርተሃል! እስከ በዓሉ መጨረሻ ብቻ ታገሠኝ። ሮስኮን ትለቁታላችሁ፤ 'ማስረጃ ጠፋ' ትላላችሁ። ድንጋዩን እኔ ስሞት ታወጣዋለህ።"

"ሚስ ኦዴሳስ? እሷ ስትሞትስ?"

ሉሲንዳ ሪባኗን በጣቷ አቃናች።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ይህኛው ስም ግን ከመቃብር በላይ የዋለው የሌላውን ሰው መቃብር እየበላ ነው። ዌንደል ይህን ሲረዳ የተሰማው ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለው ነበር። የተሰማው ኀፍረት ነው፤ ከጆሮው ጫፍ እስከ እግሩ ጥፍር የሚያቃጥል። ትናንት ያን ስልክ ሲሰማ፣ እናቱ እየዋሸች እንደሆነ አንድ የሰውነቱ ክፍል ያውቅ ነበርና።

"ሲፒዮ በሕይወት ሳለ የት ነበር የሚተኛው?" አለ።

"ምን?"

"ለጎብኚዎች የምትነግሪያቸው ነገር ነው። የት ነበር የሚተኛው?"

እናቱ ወለሉን ተመለከተች። ለተማሪዎች በፈገግታ የምትናገረው ነበር፤ ጌታው በሌሊት ውሃ ቢጠማው ቶሎ እንዲነሳ፣ እዚሁ፣ ከአልጋው ሥር።

"ዛሬም ከአልጋው ሥር አስተኛሽው፣ እማዬ።"

ሉሲንዳ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ዌንደል ስልኩን አወጣ።

"ግሬዲ፣ ሮስኮን ፍታው። አዎ፣ አሁን። ከዚያ ራስህ ና። እናቴን እኔ ልይዛት አይገባኝም።"

*

ሮስኮ ከጣቢያ በቀጥታ መጣ። ዌንደል ድንጋዩን በአንድ ጎን ሊያነሳለት እጁን ሲዘረጋ፣ "ተወው" አለው። ጮክ አላለም። ከጣቢያው ካመጣው የወንድሙ ልጅ ጋር ተሸክመው መንገዱን ተሻገሩ። ዌንደል ባዶ እጁን ከኋላ ከኋላቸው ተከተለ።

ማኅበሩ በሙሉ ነጭ ለብሶ ከአጥሩ ወዲህ ቆሟል። ወሬ ከሰው ቀድሞ ደርሷል፤ የሚያጉረመርም እንኳ የለም። ከንቲባው መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። ማዶ፣ በካፒቴኑ ቤት ደጃፍ፣ ሉሲንዳ ሪባኗን አውልቃ በክንዷ ይዛ ወደ ግሬዲ መኪና ስትገባ ይታያል። ማንም እጅ አላነሳላትም። በየበዓሉ አይብ አብረዋት የሚቀቡት ሴቶች መሬት መሬት ያያሉ። ከመካከላቸው አንዷ እንኳ ሄዳ ክንዷን ብትይዛት ምናለ? የዘር ኩራት እንዲህ ነው፤ ድል ሲሆን የሁሉም፣ ኀፍረት ሲሆን የአንዷ።

ድንጋዩ ጉድጓዱ ውስጥ ቆመ። ሮስኮ አፈሩን በእግሩ ደለደለው። ሚስ ኦዴሳ ምርኩዟን ተደግፋ ቀረበች፤ በጣቷ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው። "ፈንታ" የሚለው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። አላለቀሰችም።

"ዌንደል" አለች፣ ሳትዞር።

"አቤት፣ ሚስ ኦዴሳ።"

"ዓይኔ ደክሟል። አንብብልኝ።"

አነበበላት።

"የኔ አያት ጦር ሜዳ ነበር" አለች። "ያንተ አያት ያኔ የት ነበር?"

ዌንደል ዞር ብሎ አየ። ከጎኑ ሮስኮ ቆሟል፤ የእጁ አንጓ ላይ የሰንሰለቱ ምልክት አልጠፋም።

"ቤቱ ነበር" አለ።

ሚስ ኦዴሳ ያኔ ዞረች። በአጥሩ ማዶ የቆሙትን ነጭ ለባሾች በምርኩዟ አመለከተች።

"ጮክ በል" አለችው። "እነዚያ አልሰሙም።"

ዌንደል ቀና አለ። ከአጥሩ ማዶ የሚያውቃቸው ፊቶች ሁሉ አሉ፤ አክስቶቹ፣ የክርስትና እናቱ፣ ማንበብ ያስተማረችው መምህርት።

"ቤቱ ነበር!" ብሎ ጮኸ።